የተዛባው ማሰሪያ ድንጋይ

መካነ ሰላም፣ ኅዳር ፱ ቀን

የዩኒቨርሲቲው መምህር ሥዕሎቼን ሰረቀኝ። ስለ ደጋ የድንጋይ ቤቶች ባሳተመው መጽሐፍ፣ በእጄ የሣልኳቸው ግድግዳዎች «ስሙ ያልታወቀ ግንበኛ» ተብለው ወጥተዋል። ሦስት ሳምንት ቤቴ ሰንብቷል፤ ስሜን ያውቃል።

ከስሜ ይልቅ ያንገበገበኝ ማሰሪያ ድንጋዩ ነው። እኛ ግንበኞች የግድግዳውን ሁለት ፊት እንዲያስር ረጅሙን ድንጋይ ወደ ውስጥ እናስገባዋለን፤ እሱ ሥዕሌን ሲገለብጥ በግድግዳው ርዝመት አጋድሞታል። በዚያ ሥዕል የሠራ ሰው ግድግዳው በክረምት ይሰነጠቅበታል።

«አባዬ፣ ይክሰሱት እንጂ» አለችኝ መጽሐፉን ያመጣችልኝ ልጄ።

«ለክስ ጊዜ የለኝም። ወፍራም ደብተር ግዢልኝ፤ የራሴን መጽሐፍ እጽፋለሁ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

«ዓይኔ ገና ያያል።»

ዛሬ በገዛችልኝ ደብተር ላይ የመጀመሪያውን የግድግዳ ማዕዘን በትክክል ሣልኩ። ስለ መምህሩ ግን ከእንግዲህ ለማንም፣ በዚህ ማስታወሻም ቢሆን፣ አንዲት ቃል አልተነፍስም።