እንጦጦ ኩርባ ላይ እጄን ያነሣሁ ዕለት

ወንድሜ ቶላ፣

አንተን ከቀበርን ዓመት ከሦስት ወር ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር ያልጻፍኩልህ አፍሬ ነው። በሕይወት ላሉት ያልነገርኩትን ነገር ላንተ ለመጻፍ ወረቀት ባወጣሁ ቁጥር እጄ ይያዝብኝ ነበር። አሁን ተናግሬያለሁ፤ ላንተም ልንገርህ።

አስቀድሜ የቤቱን ላውራህ። እናትህ ኮተቤ እዚያው ግቢ ናቸው። ክፍልህን ቢያከራዩት ይሻላል ሲሏቸው እምቢ ብለው ነበር። ባለፈው ክረምት ግን ጣሪያው አፈሰሰና አልጋህን ወደ ሳሎን አወጡት፤ አሁን እሳቸው ይተኙበታል። እህትህ ተመርቃ ሥራ ይዛለች። ትምህርት ቤቱ ባንተ ቦታ ሌላ የሒሳብ መምህር ቀጥሯል። ተማሪዎችህ ለሙት ዓመትህ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተው ግቢውን ሞሉት፤ ዳቦውም አልበቃ ብሎ እህትህ ሮጣ ከሱቅ ጨመረች።

ሲግናል ያለችው፣ የተዋወቅንባት የስኬትቦርድ ሱቅ የለችም። መንገዱ ሲሰፋ ኮንቴይነሩ ተነሣ። ቦታው የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ ንጣፉ ልስልስ ያለ ነው፣ አንተ ብታየው መጀመሪያ የምትለው «ቦርድ አምጣ» ነበር። ባለሱቁ ጋሽ መላኩ የቀረውን ዕቃ ሸጠው ልጃቸው ጋ ሐዋሳ ገቡ።

እዚያች ሱቅ መጀመሪያ ስንገናኝ ሁለታችንም አሥራ አምስት ዓመታችን ነበር። እኔ ከሾላ በእግሬ፣ አንተ ከኮተቤ በታክሲ መጣን። ጋሽ መላኩ ያገለገሉ ስኬትቦርዶች እየገዙ፣ ኩሽኔታቸውን እየቀየሩ፣ ጎማቸውን እያጠቡ ይሸጡ ነበር። የዚያን ቀን ግድግዳው ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ አፍንጫው የተፋቀ፣ አንዱ ጎማው ከሌሎቹ በቀለም የተለየ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን አንተ ይዘን አንለቅም አልን። ጋሽ መላኩ «ወይ ተስማሙ፣ ወይ ሁለታችሁም ውጡልኝ!» ብለው ጮኹ። መጀመሪያ የሳቅከው አንተ ነህ። «አንድ ሳምንት አንተ ጋ ይደር፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ» አልከኝ። ስሜን እንኳ ገና አልጠየቅከኝም ነበር።

እሑድ እሑድ ሾላ ገበያ በርበሬ ተራው ጋ እየተገናኘን፣ እያስነጠሰን ተረካከብን። ሁለት ወር ሳይሞላ ርክክቡ ቀረ፤ ያንተም ሳምንት የኔም ሳምንት አብረን መዋል ጀመርን።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የወደቅኩ ጊዜ አባቴ አላናግር ብሎኝ ነበር። እኔም ከቤት መውጣት ትቼ ነበር። አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ፣ ከክፍል እንደወጣህ ታክሲ ተጋፍተህ እየመጣህ ሦስት ወር ሙሉ ሒሳብ አስጠናኸኝ። አንድ ቀን «ምን አደከመህ፣ እኔ ደደብ ነኝ» ብዬ ደብተሩን ወረወርኩት። አንሥተህ አቧራውን አራገፍክና «የቱ ጋ ነው ያቆምነው?» አልከኝ። ዛሬ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሆኜ እንጀራ የምበላው በዚያ ሦስት ወር ነው።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶን እንኳ እንጦጦን አልተውነውም። አንተ የዚያን ጠዋት መምጣት አልፈለግህም ነበር። የፈተና ወረቀት ስታርም ሰንብተህ ደክሞህ ነበር፤ «አንድ ሁለቴ ወርደን እንመለሳለን» ብዬ ያወጣሁህ እኔ ነኝ። ሕጋችንን ታውቀዋለህ። አንዱ ከላይ ሲወርድ ሌላው ኩርባው ላይ ይቆማል። ከዚያ ቦታ ላይም ታችም ይታያል። መንገዱ ባዶ ከሆነ እጁን ያነሣል። መኪና ካለ እጁን አያነሣም፤ ላይ ያለውም አይነቃነቅም። ለዓመታት እንዲህ ስናደርግ አንዳችን አንዳችንን ተጠራጥረን አናውቅም።

ሁለት ጊዜ በሰላም ወረድክ። ሦስተኛውን ልቀርጽህ አሰብኩ። ስልኬ ሞልቶ አልቀርጽም ሲለኝ ፎቶ እያጠፋሁ አቀርቅሬ ሳለሁ፣ ከላይ «ያሬድ!» ብለህ ጠራኸኝ። ዓይኔ ስልኩ ላይ እንዳለ እጄን አነሣሁ።

የመኪናውን ድምፅ ስሰማ አንተ ደርሰህ ነበር። አሸዋ የጫነ መኪና ነበር፤ ዳገቱን በዝግታ፣ የራሱን መስመር ይዞ ይወጣ ነበር። አንተ ባዶ ነው ብለህ ኩርባውን በሰፊው ያዝከው። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ከዚያ በኋላ ያለውን አንተ አታውቀውም፤ እኔ አውቀዋለሁ።

ሹፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወረደ። ጃኬቱን አውልቆ ከራስህ ሥር አደረገው። በሚያልፍ መኪና ስንጭንህ እግርህን የያዘው እሱ ነው። ሐኪም ቤት ሳንደርስ አለፍክ። የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር ብለው ብዙዎች ጠይቀውኛል። ምንም አላልክም።

ትራፊክ ፖሊሱ ምን እንደሆነ ሲጠይቀኝ «መኪናው መስመሩን ስቶ መጣበት» አልኩ። አስቤበት አይደለም፤ ከአፌ ወጣ። ከወጣ በኋላ ግን አልመለስኩትም። ሹፌሩን አሰሩት።

ለቅሶው ላይ እናትህ ከጎናቸው አስቀመጡኝ። እጄን ይዘው ለመጣው ሁሉ «ይኼ ባይኖር ኖሮ ልጄ ብቻውን ይሞት ነበር» ይሉ ነበር። እጄን አላስለቀቅኩም። ቶላ፣ ያነሣሁትን ያንኑ እጅ ነበር የያዙት።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሹፌሩ ሚስት የምሠራበት ሕንፃ ድረስ መጣች። ነጠላዋን አገጯ ድረስ ተሸፋፍና በሩ ላይ ቆማለች። «ለልመና አልመጣሁም» አለችኝ። «ልጆቼ አባታችን ሰው ገደለ ወይ ይሉኛል። እዚያ የነበርከው አንተ ነህ። እውነት መስመር ስቶ ነበር?» እኔም ዓይኗን ሳላይ «አዎ» አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ለፖሊሱ ከነገርኩት ውሸት ይልቅ ያ «አዎ» እንቅልፍ ነሣኝ ብልህ ማጋነን አይደለም። የመጀመሪያው ድንጋጤ ነበር ልበል፤ ሁለተኛውን ምን ልበለው?

የምስክርነት መጥሪያው የደረሰኝ ከሙት ዓመትህ ጥቂት ቀን በኋላ ነው። በቀጠሮው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ኮተቤ ሄድኩ። እናትህ በረንዳው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ እጄን፣ ፖሊሱን፣ ሴትዮዋን። ቀና አላሉም። እየለቀሙ ሰሙኝ። ስጨርስ ጣታቸው ቆመ።

«አይተህ ነው እጅህን ያነሣኸው?» አሉኝ።

«አላየሁም፣ እማማ።»

«እሱ ግን አንተን አይቶ ነው የወረደው።»

ከዚያ በኦሮምኛ ለራሳቸው አንድ ነገር ተናገሩ። እንደምታውቀው ጥቂት እሰማለሁ፤ ያንን ግን አልሰማሁትም፣ ይድገሙልኝ ለማለትም አልደፈርኩም። ምስሩን ወደ ጎን አድርገው «ነገ እዚያ ቆመህ ይህንኑ ተናገር። በልጄ ስም የሰው ልጅ አይታሰር» አሉኝ። ልሄድ ስነሣ ደግሞ «እስክጠራህ ድረስ ወደዚህ ቤት አትምጣ» አሉ። እህትህ በሩን ስትዘጋልኝ እያለቀሰች ነበር፤ እሷም ደህና ዋል አላለችኝም።

በማግስቱ ተናገርኩ። ዳኛዋ ሁለቴ አስደገሙኝ። እናትህ ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ፤ ስጨርስ ነጠላቸውን አስተካክለው ማንንም ሳያዩ ወጡ። ሹፌሩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተፈታ። ሊፈታ በተወሰነበት ቀን ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገናኘን። ከስቷል፣ ጺሙም ሸብቷል። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ልጁ ግን ያሳዝናል» ብሎኝ አለፈ።

የሐሰት ቃል መስጠት በሚል በእኔ ላይ መዝገብ ተከፍቷል። ቀጠሮዬን እየጠበቅሁ ነው። ጠበቃዬ ያኔ በድንጋጤ ውስጥ ነበርኩ በል ይለኛል፤ የሆነውን እላለሁ እንጂ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም። እናትህ እስካሁን አልጠሩኝም። ይጠሩኝ እንደሆነም አላውቅም። ባይጠሩኝ አልፈርድባቸውም።

ቶላ፣ ማረኝ ብዬ አልጻፍኩልህም፤ መልስ በማትሰጥበት ቦታ ይቅርታ መጠየቅ ራስን ማስተኛት መሰለኝ። አንድ ቃል ብቻ ልስጥህ። እንዴት ሞተ ብለው ለሚጠይቁኝ ከእንግዲህ እንደሆነው እነግራቸዋለሁ፣ ራሴን ሳልደብቅ። እንዴት ኖረ ብለው የሚጠይቁኝ ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱን ግን ወንበር ስቤ አስቀምጣቸውና ቀኑ እስኪመሽ ስላንተ አወራቸዋለሁ። ማንም ባይጠይቀኝም አወራለሁ።

የማይረሳህ፣
ያሬድ