ስለ ተሰረዙት ሦስት መቶ ፊርማዎች

ውድ ሃርላን፣

ከተማ ልጅህ ዘንድ ከገባህ አራት ዓመት ሊሞላህ ነው። ደህና ነህ ወይ ብዬ ብጀምር ሙልጭ አድርገህ እንደምትሰድበኝ ስለማውቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ባለቤቱ ጥሎት የሄደው የነዳጅ ጉድጓድ የከብቶችህን ውሃ ጨው ሲያደርገው የግዛቱን ነዳጅ ለሚቆጣጠሩት ኮሚሽነሮች ሦስት ጊዜ ጻፍክ፤ አንድ ሰው አልላኩም። "እንግዲያው ለኮሚሽነርነት ራሴ እወዳደራለሁ!" ስትል በመኖ መደብሩ በረንዳ ላይ ሳቅንብህ። ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ዞር ብለው ስላላዩህ ስሙን እንኳ በቅጡ የማናውቀውን ትንሽ ፓርቲ ያዝክ። ፓርቲው በምርጫው ወረቀት ላይ እንዲገባ ግን የድጋፍ ፊርማ ያስፈልገው ነበር። የእኛን አውራጃ ለእኔ ሰጠኸኝ።

ቅጹ አናቱ ላይ "በመጋቢት በሌላ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ድምፅ የሰጠ ሰው አይፈርምም" ይላል። አንብቤዋለሁ ሃርላን። የእኛን ሰው ደግሞ ታውቀዋለህ፤ የአውራጃው ፖሊስ አዛዥ፣ ሸሪፉ፣ የሚለየው ያኔ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን ሲያስመርጡ ስለሆነ በመጋቢት ቤቱ የሚቀር የለም።

ጎረቤትህ ኦፓል ብዕሩን ይዛ፣ "እኔ እኮ በመጋቢት መርጫለሁ። ችግር የለውም?" አለችኝ።

"ኧረ ፈርሚ ባክሽ! ማን ያጣራዋል?"

"ኋላ ጉድ እንዳታፈላብኝ፣ ሮይስ።"

"ለሃርላን አይደለም እንዴ!"

ሦስት መቶውንም እንዲሁ አስፈረምኩ። እኔም መርጬ ነበር፤ እኔም ፈረምኩ።

ተጣራ። ሦስት መቶውም ከነስሜ ተሰረዘ። ፓርቲው በመላው ግዛት የጎደለው ሁለት መቶ አሥር ብቻ ነበር። ስትጠይቀኝ "ሰው አልፈርም አለ" አልኩህ። ላሞችህን ሸጠህ፣ ማንንም ሳትሰናበት ሄድክ። ከዚያ ወዲህ በግጦሽህ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ያመኛል።

ዘንድሮ ከመጋቢት በፊት ቤት ለቤት ዞሬ እውነቱን ተናገርኩ፤ ለሃርላን የምትፈርሙ ከሆነ ቅድመ ምርጫው ይቅርባችሁ ብዬ ለመንኩ።

"ለዚህ ነው ዓይኔን ማየት ያቃተህ?" አለች ኦፓል። "አንተ ቀጣፊ! ግባ፣ ምሳ ብላ።"

ሰው ቀረ። እኔም ቀረሁ። ወንድሜ ክሊንት የሸሪፍነት ወንበሩን በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ተሸነፈ። በማግስቱ ከመኪናው ሳይወርድ፣ "የገዛ ወንድሜ ቤቱ ተቀመጠብኝ?" አለኝ።

"አዎ፣ ክሊንት።"

እስከ ዛሬ አያናግረኝም። ከፍቶኛል፤ ግን ያደረግኩት አይጸጽተኝም።

አሁን ሦስት መቶ አርባ ሰው ፈርሟል። እያንዳንዱን ስም ከመራጮች መዝገብ ጋር ራሴ አመሳክሬዋለሁ። የዕጩው ቦታ ገና ክፍት ነው፤ ፓርቲው እስከ ሐሙስ ይጠብቅሃል። ብትመጣ ደስ ይለኛል፣ ባትመጣም አልፈርድብህም። ይህን ብቻ እወቅልኝ፦ ያኔ አንድም ጎረቤትህ እንቢ አላለህም።

የዋሸህ ጓደኛህ፣
ሮይስ