ንዳድ ስለያዛት ነፃ ግለሰብ

ሽንፋ፣ ታኅሣሥ 2004 ዓ.ም.

ለተከበሩ የሰሊጥ ማበጠሪያው ሥራ አስኪያጅ፣ ለአቶ አበባው፤

እንደምን ከርመዋል? የቆላው ሙቀት የቢሮዎን ማቀዝቀዣ አልፎ እንዳይደርስብዎ፣ ትንኝም ደጅዎን እንዳትረግጥ አጥብቄ እመኛለሁ። እኔ በመጋዘንዎ ሰሊጥ የማበጥር ባየሽ ምናለ ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስላመጡልን ማሽን አመሰግናለሁ፤ ይህ ሽሙጥ አይደለም። ዐሥራ አንድ ዓመት ወንፊት ላይ የጎበጠ ወገቤ ቀና ብሏል። ኢንዱስትሪ ክፉ ነው የሚል ካለ ይምጣና ወንፊቱን ይያዘው! ጥቂት ቅሬታዎች ግን አሉኝ።

፩ኛ. ድሮ አምስት ሆነን አንድ ክምር እንይዝ ነበር፤ አንዷን ንዳድ ሲጥላት አራታችን ድርሻዋን አበጥረን እስክትድን ቦታዋን እንጠብቅላታለን። እርስዎ ግን ከእንግዲህ እያንዳንዳችሁ ነፃ ግለሰብ ናችሁ ብለው ለየብቻ ውል አስፈረሙን። እኛም እልል አልን፤ አይ ሞኝነት! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ሲባል እየሰማን አድገን፣ ሃምሳ ሃምሳውን ለየራሳችን ተሸከምን።

፪ኛ. በኅዳር የሦስት ልጆች እናት የሆነችውን ባልደረባችንን መስቱራን ንዳድ ጣላትና አራት ቀን ቀረች። እንደ ልማዳችን ተደርበን እንሥራላት ብንል፣ የአንዷን ውል ሌላዋ መሥራት አትችልም ተባልን። በአምስተኛው ቀን እየተንቀጠቀጠች ብትመጣ፣ ተሰናብተሻል ተብላ ከበር ተመለሰች። ነፃነቷ ይህን ያህል ሙሉ ይሆናል ብለን አልገመትንም ነበር። አልደብቅዎትም፣ አንጀቴ አሯል።

፫ኛ. ድሮ እያበጠርን አለቃውን በዘፈን እንሸነቁጠው ነበር፤ በዘፈን የተነካ አለቃ ስቆ ያልፋል እንጂ አይቀየምም። አሁን በሥራ ሰዓት መዝፈን ስለከለከሉን ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድሁ፤ ዜማ ስለሌለው ይቅርታ ያድርጉልኝ።

እንግዲህ ማሽኑንም ነፃነቱንም አልጠላንም፤ የምንለምንዎ መስቱራ ወደ ሥራዋ እንድትመለስልንና ስንታመም እንድንደጋገፍ እንዲፈቅዱልን ብቻ ነው።

በቸርነትዎ ቀና ያለ ወገቧን መልሳ አጎንብሳ እጅ የምትነሳ፣
ነፃ ግለሰብ ባየሽ ምናለ

ማሳሰቢያ፦ ማሽኑ ከተበላሸ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ ነው፤ እኛም ወንፊታችንን አውጥተናል። ለእሱ ከጎንደር ሜካኒክ መጥቶለታል፣ ፀሐይ እንዳይነካው ዳስ ተጥሎለታል፣ ተሰናብተሃል ያለውም የለም። መስቱራን እንደ ሰው ለመመለስ ደንቡ ካልፈቀደልዎ፣ በሞቴ፣ እንደ ማሽን ይመዝግቡልን።