ፍሬኑን ማንም አላነሳውም

ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው፣ የአዳማ ሙቀት ተስማማው ወይስ እንደ አምናው ያስቸግርዎታል? እናቴስ፣ እህቴ ዙህራስ፣ ልጆቿስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባለቤቴ ፈርዶሳ በሰላም ተገላግላለች። ልጁ ጡት ሲይዝ ልክ እንደ እርስዎ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ከወዲሁ ሊቆጣን ነው መሰል።

የቀረውን በስልክ ያልነገርኩዎት እናቴ ከጎንዎ ስለማትጠፋ ነው። ዙህራ ለብቻዎ ታንብብልዎት።

ከአሠሪዬ ከሐጂ ጀሊል ጋር ተጣልቼ ነበር፤ ታርቀናልም። ያስጨነቀኝ ግን ጠቡ ሳይሆን እርቁ ነው። የምነዳው የእሳቸው ቅጥቅጥ አውቶቡስ የፍሬን ሸራው አልቋል። ከጎባ ሽቅብ ስወጣ ግድ የለም፤ ከሳነቴ ወደ ሃረና ቁልቁል ስወርድ ግን ብረግጠው አይዝልኝም። በማርሽ እየያዝኩ፣ ዱዓ እያደረግኩ ነው የማወርደው። ይሠራልኝ ባልኩ ቁጥር «ከአጨዳው በኋላ» ይሉኛል፤ የሲናና ስንዴ በሚታጨድበት ሰሞን ተሳፋሪው ስለሚበዛ መኪናው እንዲቆም አይፈልጉም። ባለፈው ሳምንት መናኸሪያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ በዚህ ፍሬን ሰው አልጭንም አልኳቸው። እሳቸውም ፈሪ ብለው ከነአባቴ ሰደቡኝ። ቁልፉን አስረክቤ ቤቴ ገባሁ።

ሌላ ሥራ ልፈልግ ስል ቀደሙኝ። በማግስቱ ሽማግሌዎች ይዘው ደጄ ድረስ መጡ። መቼም እርጥብ ሳር ይዞ የመጣን ሰው መመለስ በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው «ልጄን ሰድቤያለሁ፣ ይቅር ይበለኝ» አሉ። በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው እንዲያ ሲሉ ይቅር አልኩ። ትልቁ ሽማግሌ አባ ዳቢሴ መረቁን፤ ቁልፉንም መልሰው በእጄ አስያዙኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ፍሬኑን እዚያ ማንም አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁት።

ሐጂ አሁን በየጠዋቱ «አካም ጅርታ?» ብለው ትከሻዬን ይመቱኛል። ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል ስተነፍስ ግን «ኢህሳን፣ ታርቀን የለም እንዴ?» ይሉኛል። ሥራውን ልተው ብል እርቅ ያፈረሰ፣ ሽማግሌ የናቀ እባላለሁ፤ እንዲህ ለተባለ ሰው ደግሞ በሮቤም ሆነ በጎባ መሪ የሚሰጥ ባለመኪና የለም። የምንኖረው እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ሚስታቸው ገንፎ እያገነፉ ፈርዶሳን እንደ ልጃቸው ያርሷታል፤ ደግነቱም አሰረኝ። ፈርዶሳ ተወው ትለኛለች፤ አራስ ይዤ የት ልግባ? አባዬ፣ ጨንቆኛል። ጠዋት ተሳፋሪ ሲገባ ፊታቸውን ላለማየት ወደ ውጭ አያለሁ።

ሽማግሌ የዘጋውን የሚከፍተው ሽማግሌ ነው። እርስዎ መጥተው፣ ልጄ የታረቀው ስለ ስድቡ ነው፣ የፍሬኑ ነገር ገና አልተነሳም ቢሉ አባ ዳቢሴ ይሰሙዎታል። እባክዎ አይዘግዩብኝ።

ዙህራን ይሳሙልኝ፤ ልጆቿን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። ባለቤቷን ሳላሀዲንን ሰላም ይበሉልኝ። ፈርዶሳ እጅ ትነሳለች።

ለእናቴ ናፍቆቴን ብቻ ይንገሩልኝ። ልጁን አይታ ስታበቃ ሃረና ወርዳ እህቷን ልትጠይቅ እንዳሰበች፣ «ልጄ ሹፌር ሆኖ በሰው መኪና አልሄድም» እንዳለችም ሰምቻለሁ። ሰበብ ፈልገው ያስቀሩልኝ። የሰው እናት በየቀኑ እጭናለሁ፤ የእኔ እናት ግን እንዳትሳፈርበት።

ልጅዎ ኢህሳን
ሮቤ፣ ባሌ
ኅዳር 23 ቀን 2017 ዓ.ም.