ስለማይሠራው ሰዓትና ስለ አክስቴ ወንበር

ይድረስ ለከተማችን የመናፈሻዎችና የውበት ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ በምን ዓይነት ጤንነት ላይ እንደሚገኙ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ፤ በተለይ ጉልበትዎ እንዴት እንደሆነ ማወቅ እሻለሁ፤ የቀረው አካልዎ በመኪናና በሊፍት ስለሚንቀሳቀስ ብዙም አያሳስበኝም። እኛ የመናፈሻው ጎረቤቶች ከአንድ ጉልበት በስተቀር ሁላችንም ደህና ነን፤ ስለዚያ ጉልበት ወደ ታች ዝቅ ስንል አጫውትዎታለሁ።

አሁን ግን ቆመው እያነበቡ ከሆነ እባክዎ ይቀመጡ፤ እርስዎ መቼም መቀመጫ አያጡም። የማሰማዎ ከባድ መርዶ ነውና። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመታት ፀሐይና ዝናብ ሳይመርጥ፣ አንድም ቀን ፈቃድ ሳይወጣ፣ እድገት ሳይጠይቅ፣ የሕዝብን መቀመጫ ችሎ የኖረ አንጋፋ የመንግሥት ሠራተኛ ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ አራት ሰዎች እግሩን ነቅለው፣ በጀርባው አስተኝተው፣ በፒክአፕ ጭነው ከመካከላችን ወስደውታል። ስሙ አግዳሚ ወንበር ይባላል። ትቶልን የሄደው አራት ጉድጓድ ብቻ ነው።

ይህ ደብዳቤ ግልጽ ደብዳቤ ነው፤ ግልጽ የሆነውም ፖስታ ስለሌለኝ ነው። በመናፈሻው በር ላይ ስለምለጥፈው ለአላፊ አግዳሚው፣ የሰው አግዳሚ ማለቴ ነው፣ የእንጨቱማ ሄዷል፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መናፈሻችን ያለው ዳገት ላይ ነው። ከታች መንገዱ፣ ከላይ ቤታችን፣ በመሃል ስልሳ ሁለት ደረጃ። ወንበሩ ሠላሳ አንደኛው ላይ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ አንሶላ ስትተኩስ ትውልና፣ ወደ ቤት ስትመለስ ሠላሳ አንዱን ወጥታ እዚያ ወንበር ላይ ዘፍ ትላለች፤ የቀኝ እግር ጫማዋን አውልቃ ከጉልበቷ ጋር ትነጋገራለች። «በል እንግዲህ፣ ግማሹን ጨርሰሃል፣ ሰው ፊት አታሳፍረኝ» ትለዋለች። ጉልበቱም ይሰማታል፤ በቤታችን ውስጥ እኔን ጨምሮ እሷን የማይሰማ የለም፣ የምንሰማት ግን ወንበሩ ላይ ካረፈች በኋላ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን ማለቴ ነው፣ በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር ያለው ደብዳቤ ቶሎ ይታያል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፦ መናፈሻው እንዴት ቢታደስ እንደምንወድ እኛኑ ለመጠየቅ በማሰብዎ ምስጋናችን ወደር የለውም። ማስታወቂያውን በዘበኛው ጎጆ በር ላይ፣ ያውም ዝናብ እንዳያበላሸው በማሰብ ከበሩ በስተጀርባ፣ በውስጥ በኩል ማስለጠፍዎ ለወረቀት ያለዎትን ርኅራኄ ያሳያል። ዘበኛው በሩን ከውስጥ ሲዘጋው ማስታወቂያው ወለል ብሎ ይታያል፤ ስለዚህም ጥሪዎ ለሁለት ሰዎች በሚገባ ደርሷል፤ ለዘበኛውና ከዘበኛው ጋር ዳማ ለምጫወተው ለእኔ። ማስታወቂያው «አስተያየታችሁን በአካል ቀርባችሁ ስጡ» ስለሚል፣ ለሰፈራችን አናጢ፣ ሚስማር ለምንለው፣ ነገርኩት። ሚስማር ትእዛዝ አክባሪ ነው። ቢሮዎ ድረስ መጥቶ፣ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የጣውላ ቀጥታነት ሲመረምር እንደሚያደርገው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጸሐፊዎን ትክ ብሎ አያት። «ምን ፈልገህ ነው?» ብትለው «አስተያየቴን ልሰጥ ነዋ፣ ይኸው እየሰጠሁሽ አይደል» አላት። ጥበቃ ተጠርቶ ተሸኘ። ሲመለስ በጣም አዝኖ «አስተያየቴን አልወደዱትም፤ ቀድሞም ትንሽ ሸውራራ ነው ይሉኛል» አለን። ምናልባት በሚቀጥለው ጊዜ «ሐሳባችሁን ንገሩን» ተብሎ ቢጻፍ፣ እንደ ሚስማር ያሉ ቅን ዜጎች ዓይናቸውን ይዘው ከሚመጡ አፋቸውን ይዘው ይመጡ ነበር።

ሁለተኛ፦ ለአርባው መጠይቅ ከልብ አመሰግናለሁ፤ አርባውንም የማመሰግነው አርባውንም የሞላሁት እኔ ስለሆንኩ ነው።

እባክዎ አይነሡ፣ እንደተቀመጡ ይስሙኝ። ዘበኛው (ስሙን አልጠራም፤ መናፈሻው ያለው አንድ ዘበኛ ብቻ ስለሆነ ማን እንደሆነ ማወቅ አይቻልም) እያንዳንዱ ሰባት ገጽ የሆነ አርባ ወረቀት ተሰጥቶት በማግሥቱ ተሞልቶ እንዲመለስ ታዘዘ። አንድም ሰው አልመጣም። «ኧረ ልጄ፣ እንጀራዬን ልታስዘጋ ነው እንዴ ቆመህ የምታየኝ፣ አንተ እጅህ ፈጣን ነው» አለኝ። እኔም ሰው ሲለምነኝ ልቤ አይችልም። ስለዚህ ለአንድ ከሰዓት በኋላ አርባ ሰው ሆኜ ዋልኩ። ዕድሜዬ ስምንት ወር የሆነ ጡረተኛ ሆንኩ፤ የሰባት ልጆች እናት የሆነ ሹፌር ሆንኩ፤ በሥራ ዓይነት ፊት ለፊት «ወራሽ» ብዬ የጻፍኩበትም አለ። «በእድሳቱ ይስማማሉ?» ለሚለው የቀረቡት ምርጫዎች «እስማማለሁ» እና «በጣም እስማማለሁ» ብቻ ስለነበሩ ብዙም አልደከምኩም። አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ግን «በመናፈሻው ውስጥ ምን እንዲኖር ይፈልጋሉ?» ይላል። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ከሰዓት ጋር መግባባት ስላቃተን ነው፤ ደወሉ ሁልጊዜ ይቀድመኝ ነበር። ስለዚህ ሰው አረፈድኩ ሳይል የሚንሸራሸርበት ቦታ ቢኖር ብዬ «አንድ ትልቅ፣ የማይሠራ ሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ ስለሰለቸኝ በሠላሳ ዘጠኙም ላይ ይህንኑ ገለበጥኩ።

ሦስተኛ፦ መሥሪያ ቤትዎ ያወጣውን የጥናት ውጤት በአድናቆት አንብቤዋለሁ። «ከተሳታፊዎች መቶ በመቶው፣ ከሕፃን እስከ አዛውንት፣ የማይሠራ ሰዓት እንዲተከል ጠይቀዋል» ይላል። ቀጥሎም «ኅብረተሰቡ እስከ እጅ ጽሑፉ ድረስ አንድ አቋም መያዙ ይበል የሚያሰኝ ነው» ይላል። ክቡርነትዎ፣ አስተማሪዎቼ ስለ እጅ ጽሑፌ እንዲህ ያለ ቃል ተናግረው አያውቁም። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሁት ነገር ወዲያው ተፈጸመ፤ ወጣትን ማበረታታት ማለት ይህ ነው። ከሁሉ ያስደሰተኝ ደግሞ፣ መጀመሪያ የመጣው ሰዓት ሲሞከር ሠርቶ ስለተገኘ «ጉድለት አለበት» ተብሎ ለጥገና መመለሱ ነው። አሁን የቆመው ሁለተኛው ሲሆን፣ ባለሙያው ሦስት ጊዜ አናውጦ ምንም ድምፅ እንደሌለው አረጋግጦ ፈርሞበታል።

እስከዚህ ድረስ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ነበር። ከዚያ የእርስዎ መሐንዲስ ሜትሩን ይዞ መጣና፣ የማይሠራ ሰዓት ከሁሉም አቅጣጫ አለመሥራቱ በደንብ እንዲታይ ከተፈለገ ትክክለኛው ቦታ የደረጃው እኩሌታ፣ ሠላሳ አንደኛው እንደሆነ አረጋገጠ። ማክሰኞ ወንበሩ ሄደ። ሐሙስ ሰዓቱ ቆመ። የእኔም ሳቅ በዚያው ቆመ።

አራተኛ፦ አክስቴ።

ይህን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው አላውቅበትም። ሐሙስ ዕለት ከሥራዋ ስትመለስ ከላይ ሆኜ አያት ነበር። ሠላሳ አንደኛው ላይ ደረሰችና እንደ ልማዷ ሳታይ ልትቀመጥ ወደ ኋላዋ ዝቅ አለች፤ ደግነቱ የሰዓቱን ምሰሶ ይዛ ተረፈች። ቀና ብላ አየችው። ስንት ሰዓት እንደሆነ እስኪነግራት የጠበቀች ይመስለኛል። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ሰው በግራና በቀኝ እየዞራት ያልፋል፤ ጫማዋንም አላወለቀችም። ቤት ስትደርስ እግሯን ዘርግታ «ይህን ሰዓት የለመነ ሰው፣ ጉልበቱ እንደኔ ጉልበት ያድርግለት» አለች። እኔም «አሜን» አልኩ፤ ዝም ብል ትነቃብኝ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ ትረግማለች፣ እኔም በየቀኑ አሜን እላለሁ፤ ክቡርነትዎ አያምኑኝ ይሆናል እንጂ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቀኝ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል የሚሉት ለካ ስለ እኔ ነው፤ ለቃሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ተረቱ እንጂ እኔ አላልኩም።

አምስተኛ፦ «ሰዓቱ በስንት ሰዓት ላይ ቢቆም ትወዳላችሁ?» የሚለው ሁለተኛው መጠይቅዎ ደርሶናል። ጠቋሚዎቹ ያልተገጠሙት የእኛ ሐሳብ እየተጠበቀ ስለሆነ ነው መባሉን ሰምተን ኮርተናል። ክቡርነትዎ በጠዋት ቢሮ በሚገቡበት ሰዓት ላይ ይቁም የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም ያንን ሰዓት አይቶ የሚያውቅ ሰው ስለጠፋ ያለ ጠቋሚ እንዲቀር ተስማምተናል። ይህን ወረቀት እኔ አልሞላሁትም። ብዕር ስይዝ ጉልበቴ ይነዝረኛል።

ስድስተኛውን ቁጥር መስጠቱን ትቼ በቀጥታ እነግርዎታለሁ። ባለፈው ሰኞ በአካል ቀርቤ ወንበሩ እንዲመለስ ልለምን ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። «ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለህ ጠብቅ» ተባልኩ። ቁጭ አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እጄ ያለ ሐሳብ ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር ገባና አንድ የሚያውቀው ነገር ነካ፤ በአሥራ አንድ ዓመቴ በብረት ሚስማር የቧጠጥኩት የስሜ መጀመሪያ ፊደል ነበር፣ ያውም ተገልብጦ። ወንበራችን እዚያ ነበር፣ ክቡርነትዎ። በደረጃው ላይ ያሳረፈውን ሕዝብ አሁን በእርስዎ በር ላይ ያስቀምጠዋል። እሱው ላይ ተቀምጬ፣ ስለ እሱው አቤት ለማለት፣ ከጠዋት እስከ ምሳ ጠበቅሁ፤ እንዲህ ያለ አቤቱታ የትም አገር ያለ አይመስለኝም፤ ማስረጃዬ ሥሬ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ጸሐፊዎ ወጥታ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ስለ ሕዝብ ተሳትፎ እየተወያዩ ነው» አለችኝ። አላቋረጥኩዎትም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ሰዓቱ ይቁም፤ መቆም ከሁሉ የበለጠ የሚችለው ሥራ ነው፤ ሚስማርም ጊዜ ስለማያስቸኩለው ወዶታል። ወንበሩ ግን ወደ ሠላሳ አንደኛው ደረጃ ይመለስልን፤ ከሰዓቱ ሥር ሚስማር ለክቶ ቦታ እንዳለው አረጋግጧል። ፒክአፕ አንጠይቅም። ከፊት ሚስማር፣ ከኋላ እኔ፣ ከመሃል ዘበኛው ይሸከመዋል፤ ዘበኛው እንደማይታወቅ ግን ከላይ ገልጫለሁ። የሚያስፈልገን የክቡርነትዎ አንዲት ፊርማ ናት፣ ከተቻለም በራስዎ የእጅ ጽሑፍ።

አንድ አንቀጽ ደግሞ ከክቡርነትዎ ይልቅ ለሌላ ሰው ነው፤ እባክዎ ፊትዎን ዞር ያድርጉልኝ። አክስቴ፣ ዛሬ ስትመለሺ በሩ ላይ ቆመሽ ይህን እያነበብሽ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንቺ የተለጠፈ ነገር ሳታነቢ አታልፊም። የለመንኩት እኔ ነኝ። ጫማሽን ለመወርወር ብለሽ አታውልቂ፤ ዳገቱ ይቀርሻል። እርግማኑን ብቻ አንሺልኝ፤ ወንበሩ እስኪመለስ ድረስ እኔ በየቀኑ ከሥራሽ በር ላይ እጠብቅሽና ሠላሳ አንዱ ላይ ስትደርሺ ከቤት የማመጣት በርጩማ ላይ ትቀመጫለሽ። ሰው ቢስቅብኝ ይሳቅ፤ ተራዬ ደርሷል።

አሁን ክቡርነትዎ ወደዚህ ይመልከቱ። እውነቱን ለመናገር መርዶ ብዬ ጀመርኩ እንጂ ነገሩ ሁሉ በጣም ትንሽ ነው። ሦስት ጣውላ፣ ሁለት ብረት፣ የአንዲት ሴት የአሥር ደቂቃ ዕረፍት። ከተማ የሚያህል ነገር ለሚያስተዳድር ሰው ይህ አቧራ ነው፤ በአንድ እስትንፋስ ሊበርር የሚችል፤ ስለዚህም ነው ይተነፍሱ ዘንድ የምለምነው።

የክቡርነትዎ ትሑት አገልጋይ፣ የጥናትዎ ብቸኛ ተሳታፊ፣ የስምንት ወር ጡረተኛው፣ የሰባት ልጆች እናት የሆነው ሹፌር፣ ወራሹና ሌሎች ሠላሳ ሰባት ነዋሪዎች፣ ሁላችንም በአንድ ፊርማ።

ልጨምር የረሳሁት፦ ኮሪደሩ ላይ አብረውኝ የሚጠብቁ ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ነፍሰ ጡር ነበሩ፤ ወንበሩ ቢወሰድ የት እንቀመጣለን ብለው ተጨነቁ። እኔም ክቡርነትዎን ወክዬ አጽናናኋቸው፤ ጽሕፈት ቤቱ የመጣችሁበትን ጉዳይ በመጣችሁበት ቀን ሊጨርስላችሁ ከወሰነ መቀመጫ አያስፈልጋችሁም አልኳቸው። እንዲህ ያለ ሳቅ በዚያ ኮሪደር ተሰምቶ አያውቅም አሉኝ፤ ነፍሰ ጡሯማ ሆዷን ይዛ «ኧረ ተው፣ እዚሁ ታስወልደኛለህ» አለችኝ፤ ከዚያ ግን ትንሽ አሰበችና ተራዋ እስኪደርስ መውለዷ እንደማይቀር ነገረችን።