መብራት ጠፋ እንጂ እኔ አልወደቅሁም

ለተከበሩ አቶ ዓለምብርሃን፣
የበረራ ማሠልጠኛችን ሥራ አስኪያጅና ዋና አሠልጣኝ፤
ጅማ

ጋሼ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ፣ በተለይም የማስታወስ ችሎታዎ፣ ከሰሞኑ እንዲሻሻል ዱዓ አደርጋለሁ። እኔ በእርስዎ መዝገብ ከተከሰከስኩ ሦስት ሳምንት ቢሆነኝም አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት፣ በሲሙሌተሩ፣ በዚያ ከመሬት በማይነሳው የበረራ መለማመጃችን፣ ስፈተን ከደዶ ከተማ በላይ በአራት ሺህ ጫማ ላይ ሞተሬን እንዳጠፉብኝ ያስታውሱ ይሆናል። እንዳስተማሩኝ አፍንጫዋን ዝቅ አድርጌ፣ ፍጥነቷን ጠብቄ፣ ቀና ባደርጋት ርቄ የምሄድ እየመሰለኝ እንደምወድቅ አውቄ፣ የታጨደ የጤፍ ማሳ መርጬ እየተንሳፈፍኩ ወረድኩ። ሁለት መቶ ጫማ ሲቀረኝ ስክሪኑ ጨለመ። እርስዎም ከኋላዬ «ኧረ መብራት ጠፋ!» ብለው ጮኹ። ከሰዓት በኋላ በተለጠፈው ውጤት ላይ ግን «ሞተር ሲጠፋ አውሮፕላኑን ከስክሳለች» ተብዬ፣ ወደ እውነተኛው በረራ ከሚያልፉት መካከል ስሜ ተሰርዞ አገኘሁት።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና፦

፩ኛ. ሞተሩ የጠፋ አውሮፕላን እንደሚንሳፈፍ፣ መብራት የጠፋበት ሲሙሌተር ግን እንደማይንሳፈፍ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ይህን የትኛውም መጽሐፍ ላይ አላገኘሁትም።

፪ኛ. ጀነሬተሩ ጥገና ላይ ነው ብለውን ነበር። አጎቴ ቡናውን ሊያስፈለፍል ወደ የቡ ከተማ ሄዶ፣ የማሠልጠኛችን ስም በጎኑ የተጻፈበት ጀነሬተር በወንድምዎ መፈልፈያ ቤት ሲያጓራ አገኘው። ጥገናው ግሩም ነው፤ ቡናውም እየተፈለፈለ ነው።

፫ኛ. በፈተናው ሰዓት አጠገቤ ተቀምጣ የነበረችው የክፍል ጓደኛዬ ናርዲ ያየችውን ልትመሰክር ስትመጣ፣ የእሷም ውጤት «እንደገና ይታያል» ስላሏት ዝም አለች። በእሷ አልፈርድም። የሚያንገበግበኝ የእርስዎ ነው። አባቴ «ሴት ልጅ ሰማይ ላይ ምን ትሠራለች?» ሲል ቤታችን ድረስ መጥተው «እኔ አለሁላት» ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ወላሂ፣ የዚያን ቀን ከአባቴ ይልቅ እርስዎን አመንኩ። መብራት ጠፋ ብለው ቢጽፉ «ጀነሬተሩስ የት ሄደ?» መባሉ አይቀርምና፣ ወንድምዎን ጀነሬተሩን መልስ ማለት ቢከብድዎ እኔን ከሰከሱኝ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኼ ነው።

መብራት ባለበት ቀን ፈተናውን እንዲደግሙልኝ እየለመንኩ፣ ደብዳቤዬን ውጤቴን በለጠፉበት ሰሌዳ ላይ በመለጠፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ሁለት መቶ ጫማ ላይ እንደተንሳፈፈች የቀረችው ተማሪዎ፣
ፈድሊያ ኡመይር

ተጨማሪ፦ ስለ መብራቱ ለአባቴ ብነግረው «ጋሼ ዓለምብርሃን አይዋሹም» ብሎ እኔን ውሸታም አደረገኝ። ሞተር ሲጠፋ የሚደረገውን አሳምረው አስተምረውኛል፤ አስተማሪ ሲጠፋ የሚደረገውን ግን ዘለውታል።