ሁለት ቋጠሮ ያለው ገመድ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን አለህልኝ? ያ ደረቅ ሳል ለቀቀህ ወይ? ቤንዚን ሲነካህ እጅህ ላይ ይወጣብህ የነበረው ሽፍታስ? እኔና እናትህ ነፍሳችን ከሥጋችን ጋር ናት፤ መድኃኔዓለም ይመስገን። የገዳሪፍ ሙቀት በረድ ብሏል፣ ሰሊጡም ታጭዶ እየተከመረ ነው። ለእናትህ የላክኸውን የደም ግፊት መድኃኒት ድንበር እየተሻገረች የምትነግደው ውዴ አድርሳለች። ይህንንም ደብዳቤ መተማ ገበያ ስትወጣ የምትሰጥህ እሷ ናት። ከአንተ እጅ በቀር ለማንም እንዳትሰጥ በልጇ አስምዬአታለሁ። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው።

ነገርን ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ አይሆንልኝም፤ ታውቀኛለህ።

ባለፈው ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ያ የምንፈራው ድምፅ መጣ። አብራሪ የሌለውን በራሪ ነገር ማለቴ ነው፤ እዚህ ስሙን ጠርቶ የሚያወራ የለም። እናትህ ሽንኩርቷን በእጇ እንደያዘች አልጋ ሥር ጎትታ አስገባችኝ። በዚህ ዕድሜዬ በሆዴ ተኝቼ አዳመጥኩ። መጀመሪያ እንደ ንብ መንጋ እኩል ነበር። ከዚያ ምት መዝለል ጀመረ፣ ተንተፋተፈ፣ ዝም አለ። ዝምታው ከድምፁ ይብሳል። ፍንዳታውን ጠበቅነው፤ አልመጣም። እናትህ ስትወጣ ልብሷን እያራገፈች፣ ልጄ ከሩቅ ጸልዮልን ነው፣ ደግሞም እሱ ፓምፕ በሚጠግንበት አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ ተመስገን፣ አለች።

በማግስቱ ጧት ደመቀ ወደ ኡስታ ኢድሪስ ወርሻ መጣ። ደመቀ ሰሊጥ ለማጨድ ከቋራ የመጣ፣ ከእኛ አጥር አጠገብ የሚያድር ልጅ ነው፤ ወርሻው ደግሞ ካንዴላና ሽቦ እያየሁ ቀኔን የማሳልፍበት የኡስታው፣ የመካኒኩ፣ ጋራዥ ነው። በአህያ ጋሪ ከባድ ነገር ጭኖ፣ መምህር፣ ከሰማይ የውሃ ሞተር ወረደልን፣ አለኝ። ያ በራሪ ወድቆ ሲሰበር ሞተሩ ከሌላው አካሉ ተገንጥሎ ሰሊጥ ክምር ሥር እነ ደመቀ አገኙት። ሌላውን ሳይነኩ ትተውት መጥተዋል፤ እግዜር ልብ ሰጣቸው። ኡስታ ኢድሪስ አገላብጦ አየውና፣ ሰማይ ለሐበሻ ሞተር ማደል ከጀመረማ እኔ ወርሻዬን ልዝጋ፣ አለ። ቀጥሎ ግን ዓይኑ በራ። ያ ኡስታዝ፣ መምህር ሆይ ማለቱ ነው፣ ክፈተው፣ ለአትክልት ቦታዬ ውሃ ይስብልኛል አለኝ።

ከፈትኩት። ፒስተን የለውም፣ ቫልቭ የለውም። በሞላላ ቤት ውስጥ የሚሽከረከር ሦስት ማዕዘን ሮተር ነው፤ ጎን ለጎን ሁለት ካንዴላ አለው። ጎንደር በትምህርት ቤታችን መጋዘን ውስጥ አቧራ ለብሳ ያገኘናትንና ክረምቱን ሙሉ አብረን የታገልናትን ሞተር አስታወሰኝ። ልዩነቱ ያቺ በካርቡራተር ትሠራ ነበር። ይኸኛው ነዳጁን በኢንጀክተር ይረጫል፤ የአየሩን ግፊት የሚለካ ትንሽ ቁራጭም አለው። የውሃ ፓምፕ ዕድሜውን ባንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ይቆማል፤ አየር ሲሳሳ ነዳጁን የሚቀንስ ሞተር ግን ወደ ላይ ለመውጣት የተሠራ ነው። ለፋሲካ በውዴ በኩል፣ አየር ሲሳሳ ኢንጀክተሩ ምን ያህል ይቀንስ ብለህ ጠይቀኸኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ስለ ፓምፕ ነበር ያልከኝ። በደስታ ሠርቼ ላክሁልህ። መልሱን ስሠራ ጥያቄውን ግን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ሁለቱ ካንዴላዎች ለምን እንደሆኑ ለአንተ አልነግርህም። ቃጠሎው የሚካሄድበት ክፍል ረጅምና ቀጭን ስለሆነ አንድ እሳት አያዳርሰውም፤ ቀዳሚው ይለኩሳል፣ ተከታዩ የተረፈውን ይጨርሳል። ገመዶቻቸው ከተለዋወጡ ሞተሩ አልነሣም አይልም። ይነሣል፣ መሬት ላይ ሲፈተሽ ያታልላል። ጭነት ይዞ ብዙ ሲሄድ ግን ያለቦታው ይግላል፣ የሮተሩ የጫፍ ማሸጊያ ይሰበራል። ያን ክረምት እኛም አንዱን ሰብረናል። ከዚያ ወዲያ ነው አንተ እናትህን ፈትል ለምነህ፣ በሰም ነክረህ፣ በቀዳሚው ገመድ ላይ አንድ ቋጠሮ፣ በተከታዩ ላይ ሁለት ያሰርክበት። ቀለም በዘይት ይለቃል፣ ቋጠሮ ግን በጨለማም በጣት ይነበባል አልከኝ። ከእኔ የተማርከው አልነበረም። ተማሪዬ ያስተማረኝ እሱን ብቻ ነው።

በዚህ ሞተር ገመዶች ላይ ሰም የጠጣ ፈትል አለ።

ገመዱን ለቀቅኩት። ኡስታ ኢድሪስ፣ ምነው፣ ጊንጥ ነደፈህ ወይ ሲለኝ፣ ብርሃን አነሰኝ አልኩት። መጀመሪያ የፈራሁት ይህን የቋጠረ ሰው ያለበትን ቦታና የሚሠራውን ሥራ ነው። ከዚያ ጣቴን በገመዱ እያስኬድኩ ካንዴላው ጋ ስደርስ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ፤ እስከ ዛሬም አለቀቀኝም። ባለ አንድ ቋጠሮው በተከታዩ ካንዴላ ላይ፣ ባለ ሁለቱ በቀዳሚው ላይ ተሰክቷል። የሮተሩ አንዱ የጫፍ ማሸጊያ ተሰብሯል። በራሪው ከተማ ሳይገባ የወደቀው ለዚህ ነው። ቋጠሮ ያበጀ ሰው በቋጠሮው አይሳሳትም።

ኡስታ ኢድሪስ ሻይ ሊያዝ ሲወጣ ፈትሉን በምላጭ ቆርጬ ኪሴ ከተትኩ፤ ገመዶቹንም ወደየቦታቸው መለስኩ።

ሰኞ ከኢስቲኽባራት፣ ከስለላው መሥሪያ ቤት፣ ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው ሳቂታ ነው። ሌላው ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እንዲህ ያለውን አልወድም። ምን ጣለው ብሎ ጠየቀኝ። አቧራ ነው፣ ኢንጀክተሩን ደፍኖት ነው አልኩት። ለተማሪ የተሳሳተ መልስ ነግሬ የማላውቅ ሰው፣ ምራቄን ሳልውጥ ተናገርኩት። አቧራ? አለ። ኡስታ ኢድሪስ ጣልቃ ገብቶ፣ ዋላሂ ሻዬ ውስጥም አለ፣ እሱን ስጠጣ እኔም እንደ ሞተሩ አንድ ቀን ሳልጠፋ አልቀርም፣ ሲል ሳቂታው ሳቀ። ባለ ለስላሳው ድምፅ አልሳቀም። ገመዱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ያሽ ጀመር። እኔም ያን ጊዜ አየሁት፤ ፈትሉ የነበረበት ቦታ ጥላሸት ስላላገኘው እንደ ቀለበት ንጹሕ ሆኖ ቀርቷል። ያን ማጽዳት፣ ወይ ማጥቀር፣ ረስቻለሁ። የት ነበር የምታስተምረው ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ተማሪዎችህ ዛሬ የት የት ናቸው አለ። እግዜር ይወቅ፣ ተበትነዋል አልኩ። እንመለሳለን ብሎ ሞተሩን አስጭኖ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና በራችን ላይ ፍጥነት ሲቀንስ ከመቀመጫዬ እነሣለሁ።

አሁን የምነግርህን አድምጥ። ያን የቋጠረ ሰው የምታውቀው ከሆነ ንገርልኝ። እዚህ በሰላም ያደሩ ቤቶች ለማን እንደሚጸልዩ አያውቁም፤ እኔ ግን በስሙ እጸልያለሁ። ሆኖም አይድገመው። የአንድ ጊዜው በአቧራ ይሳበባል፤ ሁለተኛው ሲወድቅ ግን የማን እጅ ነክቶታል ተብሎ ይጠየቃል። አሠሪዎቹ ቋጠሮ ማንበብ ባይችሉ፣ ያልተመለሰውን መቁጠር ይችላሉ። እንደገና ለክቶ በትክክል ይሥራው አልልም፤ እንዲህ ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። አይድገመው፣ በትክክልም አይሥራው። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ከዚያ ይውጣ።

የሚወጣበት ምክንያት ይኸውልህ። እናቴ ታማለች ብሎ የሁለት ቀን ፈቃድ ይጠይቅ። ገበያ ከወጣ በኋላ ወደ ገላባት አይሻገር፣ ወደ እኛ አይምጣ፤ ያ ባለ ለስላሳ ድምፅ ያለው እዚህ ነው። ሽንፋን አልፎ ጎንደር፣ አክስቱ ዘንድ ይግባ። እኛ እንከተላለን።

እናትህን ታውቃታለህ፤ በሽታ በስሙ ከተጠራ ይመጣል ብላ ራሷን እንኳ አመመኝ አትልም። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ፈቃዷን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ምን ብዬ እንደምጠይቃት ግን ጨንቆኝ ነበር። አስቀድሞ የሆነውን ልንገርህ። ፈትሉን ከሰል ውስጥ ስጨምረው ሰሙ ሸተተ። ከጓዳ፣ ወንድም ጋሼ፣ በዚህ ሰዓት ጧፍ የሚያበራ ማን ነው እያለች መጣች። ያልተቃጠለውን ጫፍ ከእሳቱ አወጣችው። በሁለት ጣቷ ለረጅም ጊዜ አሸችው። የገዛ ፈትሏን ታውቃለች። ከየት እንዳገኘሁት አልጠየቀችኝም። መልሳ እሳቱ ውስጥ ጣለችው፣ አመድ እስኪሆንም ቆማ ጠበቀች። ከዚያ ወዲህ ስለ ፓምፑ አታነሣም።

ዛሬ፣ ታማለች ብዬ ልጻፍለት ወይ አልኳት። ጻፍ፣ አለች። በጣም ታማለች በል። አልጋ ይዛለች፣ በሕይወት ትደርስባት እንደሆን እንጃ በል።

ደኅና ናት፤ አትደንግጥ። በር በሩን ግን ታያለች።

መንገድህን ገብርኤል ይቅደመው። ከክፉ ዓይን፣ ከለስላሳ አንደበት ይሰውርህ። እጅህን ይባርክ፤ ያደረገውንም ያላደረገውንም።

ውዴ ከደብዳቤው ጋር በሶና ዳጉሳ ይዛልሃለች። እንደ ወትሮው የፈትል ድውር ጨምሬበት ነበር፤ እናትህ ከከረጢቱ አውጥታ ወሰደችው።

አጎትህ